በአንድ ቀን፣ ከላይም ከታችም

እሑድ

ሁለቱንም በአንድ ቀን ነው የሚያደርጉት። አንዱን በአፌ፣ ሌላውን በዚያ በኩል። ከሰማሁ ሁለት ቀን ሆነኝ፤ አሁንም ጆሮዬን አላመንሁትም።

ሐሙስ ዕለት ስድስተኛ ክፍል ክፍልፋይ እያስተማርሁ ዓይኔ ጨለመ። ስነቃ ወለሉ ላይ ነኝ፤ ተማሪዎቼ በደብተር ያራግቡልኛል። ሆስፒታል ወሰዱኝ። ሐኪሙ የደሜን ውጤት አይቶ፣ «ቲቸር፣ በዚህ ደም እንዴት ቆመው ያስተምራሉ?» አለኝ። ደም ሰጥተው አሳደሩኝ። ሦስት ዓመት ሙሉ ጨጓራ ነው እያልሁ ከፋርማሲ ኪኒን ስገዛ ኖሬአለሁ። ሰገራዬ ደም እንዳለው ሲጠይቀኝ መሬት መሬት እያየሁ «አንዳንዴ» አልሁት። ኪንታሮት ነው ብዬ ነበር የተውሁት።

«ከየት እንደሚፈስ መታየት አለበት። ጨጓራዎም ትልቁ አንጀትዎም ጫፉ ላይ ካሜራ ባለው ገመድ ይታይ። ጎንደር በአንድ ቀጠሮ ይጨርሱልዎታል» አለ።

«በአንዱ ገመድ?» አልሁት።

ሳቀ። «በሁለት የተለያየ ነው። አይስጉ።»

የሰጠኝ ወረቀት፦
– ከሁለት ቀን በፊት ጀምሮ ጥሬ፣ ፍሬ ያለው ነገር፣ ጎመን ክልክል
– ዋዜማውን ጠጣር ምግብ የለም፤ ውሃ፣ ሻይ፣ የተጠለለ መረቅ ብቻ
– ቀይ መጠጥ የለም፣ ደም ይመስላል
– አብሮ የሚመለስ ሰው ግድ ነው

የመጨረሻው ነው ያስጨነቀኝ። ባለቤቴ ካረፈ አራት ዓመቱ ነው። አምባራስ መንደር ያሉት ወንድሜ ጋሼ ዘንድ ደወልሁ። ሳልጨርስ፣ «መጣሁ» አሉ።

ሰኞ

ጋሼ አዱኛ በእህል መኪና እኔ ወዳለሁበት ደባርቅ ገቡ። ታላቅ ወንድሜ ናቸው፣ ገበሬ። እናታችን ስትሞት እኔ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፤ ያሳደጉኝ እሳቸው ናቸው። አንድ ጀሪካን ጠበል ይዘውልኝ መጥተዋል።

የሚደረገውን ነገርኋቸው። ለወንድም እንዲህ ያለ ነገር መናገር አፍ ያስይዛል፤ ግን አብረውኝ ሊሆኑ ነው።

«ሁለቱንም?» አሉ።

«ሁለቱንም።»

ጋቢያቸውን እስከ አፋቸው ሳቡ። ከእራት በኋላ ደግሞ፣ «አንድ ነገር ቢያገኙስ ምን ያደርጉታል?»

«ይቆርጡታል።»

«ያማል?»

«ያስተኙኛል ጋሼ። አላውቀውም።»

ለእኔ ፈርተው መሰለኝ።

ማክሰኞ

መንገዱ ክፍት ነው ተባለና ማልደን ተነሣን። ዳባት መናኸሪያ እኅታችን እትዬ ዘውዲቱ ጠበቀችን። እዚያው እህል ትነግዳለች። በመስኮት ቆሎ አቀበለችኝ። «ቆሎ ተከልክያለሁ» ብላት፣ «ቆሎ የሚከለክል ምን ዓይነት ሐኪም ነው?» አለች። ለምን እንደምንሄድ በደንብ አልነገርኋትም፤ ለምርመራ ብቻ አልሁ። ቆሎውን ጋሼ ያዙት፤ ግን አንዲት ፍሬ እንኳ አልቆረጠሙም።

ጎንደር ክሊኒኩ አጠገብ ፔንሲዮን ሁለት ክፍል ያዝን። ሽንት ቤቱ የጋራ ነው፤ ኮሪደሩ መጨረሻ ላይ። ከክፍሌ እስከዚያ ያለውን በእርምጃ ቆጠርሁት።

ረቡዕ

አራት ሊትር። ክሊኒኩ አንጀት የሚያጥበውን ዱቄት በጥብጦ ሰጠኝ፤ ሎሚ የነካው የሳሙና ውሃ ነው የሚመስለው። ረቡዕ ስለሆነ መረቁን ትቼ የድንችና የካሮት ውሃ አጥልዬ ጠጣሁ። ለክሊኒኩ ነርስ ደውዬ፣ «ጠበል ይፈቀዳል?» አልኋት። ትንሽ አሰበች። «ጥርት ያለ ከሆነ ውሃ ነው። ከቀጠሮው አራት ሰዓት ቀደም ብለው ያቁሙ።»

ከሰዓት በኋላ ጀመረኝ። ስንት ጊዜ እንደተመላለስሁ መቁጠር ተውሁ፣ የሒሳብ አስተማሪዋ። ጋሼ ዱላቸውን ይዘው ሽንት ቤቱ በር ላይ ቆሙ። ፎጣ የታጠቀ ሰው ሲመጣ፣ «ተይዟል። ታችኛው ፎቅ ሌላ አለ» ይሉታል፣ እንደ ዘብ። እኔ ከውስጥ ሆኜ በኀፍረት አለቅሁ። በኋላ ግን ሳቄ መጣ።

ወደ ማታ እንደ ምንጭ ውሃ ጠራ። ደስ አለኝ። ሰው በዚህም ይደሰታል።

ሐሙስ

ዛሬውኑ ካልጻፍሁት የሆነ አይመስለኝም።

ከኋላው ክፍት የሆነ ሱሪ አለበሱኝ። ጉሮሮዬ ላይ መራራ ነገር ነፉ፤ ምራቄን መዋጥ አቃተኝ። በግራ ጎኔ አስተኙኝና ፕላስቲክ አፌ ላይ አደረጉ። «በልብዎ ከአሥር ወደ ታች ይቁጠሩ» አለች የጎንደሯ ሐኪም። አሥር፣ ዘጠኝ፣ ስምንት። ዓይኔን ስገልጥ ሌላ ክፍል ነኝ። መቼ ይጀምራሉ ብዬ ጠየቅሁ። አልቋል አሉኝ። ከላይም ከታችም አልቋል። ምንም አልተሰማኝም።

ሐኪሟ ጋሼን አስገባችና ፎቶ አሳየችን። የራሴን ሆድ ዕቃ በፎቶ ማየት ምን እንደሚመስል መጻፍ አልችልም። «ጨጓራዎ ትንሽ ተቆጥቷል፣ በመድኃኒት ይድናል። ደሙ ከዚያ አይደለም። ከታች ግን ይህን አገኘን።» ግንድ ያለው እብጠት፤ ልክ እንጉዳይ። «ነቅለን አውጥተነዋል። ለምርመራ ይሄዳል። ዓይነቱን ሳላውቅ ስም አልሰጠውም። በቤተሰባችሁ እንዲህ ያለ ሕመም ነበር?»

«የለም» አልሁ።

«አለ» አሉ ጋሼ።

ዞር ብዬ አየኋቸው። ጫማዬን በሁለት እጃቸው እንደያዙ ነበር።

«እናታችን ሁለት ዓመት ደም ፈሷታል። በዚያ በኩል። ልብሷን ወንዝ ወርጄ የማጥብላት እኔ ነበርሁ። ለማንም እንዳልናገር አስምላኛለች።»

እኔ የማውቀው ምች መቷት እንደሞተች ነው። ሠላሳ ሦስት ዓመት የማውቀው እሱን ነው። ማደንዘዣው ያልለቀቀኝ መሰለኝ።

ሐኪሟ እኔን ትታ እሳቸውን አየች። «እርስዎስ አባቴ? ደም አይተው ያውቃሉ?»

ጫማዬን ወለሉ ላይ አስቀመጡ።

«ሁለት ክረምት አለፈው» አሉ ጋሼ።

«እንግዲያው እርስዎም መታየት አለብዎት» አለቻቸው።

ዓርብ

ትናንት ማታም ዛሬ ጧትም ተጣላን። በሕይወቴ ድምፄን ከፍ አድርጌባቸው አላውቅም። ወንድ ልጅ እንዲህ ተጋድሞ አይታይም አሉ። እህሉ አልተወቃም አሉ። ከመጣም የእግዜር ነው አሉ።

«እኔን እዚህ ድረስ ይዘውኝ የመጡት ለምንድን ነው ታዲያ?» አልኋቸው።

«አንቺ ልጅ ነሽ።»

«አርባ ሁለት ዓመቴ ነው። እናታችንን ዝም ብለው ቀበሯት። እርስዎንስ እኔ ዝም ብዬ ልቅበርዎት?»

ይህን በማለቴ ደነገጥሁ። እሳቸውም ደነገጡ። መስኮቱ ጋ ሄደው ቆሙ። ከዚያ ፊታቸውን ሳያዞሩ፣ «ያ ውሃ ስንት ሊትር ነው ያልሽኝ?» አሉ።

ሐኪሟ ለነገ ጧት ቀጠሮ ከፈተችልን። ጋሼ ዓርብ ነው ብለው ከሻይና ከውሃ በቀር አልቀመሱም። ያንን ዱቄት በየኩባያው አማትበው ጠጡት። ዛሬ በሩን የጠበቅሁት እኔ ነኝ። ዱላውን አውሰውኛል።

ቅዳሜ

የእሳቸው ከእኔው ረዘመ። ኮሪደሩ ላይ ስመላለስ ነርሷ ሁለት ጊዜ አስቀመጠችኝ።

ሲያወጧቸው ገና ሙሉ በሙሉ አልነቁም ነበር። እጄን ያዙና፣ «እማዬ፣ ነገርኋት። አትቆጪኝ» አሉ። «አልቆጣም» አልሁ።

ሦስት ተገኝቶባቸዋል። ሁለቱ ትንንሽ ናቸው፤ ሦስተኛው ግን ትልቅ ነው። ሁሉም ወጥቷል። ሐኪሟ ተስፋ አልቆረጠችም፤ ደስም አላላት። የሁለታችንም ውጤት አሥር ቀን ይፈጃል። «እኅት ወንድም ያላችሁ ሁሉ መታየት አለባችሁ፤ ልጆቻችሁም ሲደርሱ» አለች። ጋሼ ተኝተው ሳለ ወጥቼ ዳባት ደወልሁ።

ለእትዬ ዘውዲቱ ሁሉንም ነገርኋት። እናታችንን፣ ጋሼን፣ እኔን። እሷ ያኔ ዳባት ተድራ ነበር፤ እንደኔው ምች ነው ተብላ ለቅሶ የመጣች ናት። ታለቅሳለች ብዬ ጠብቄ ነበር። አላለቀሰችም። ከኋላዋ ሰዎች እህል ሲያስለኩ ይሰማኛል።

«ይሰማሻል?» አልኋት።

«ይሰማኛል።» ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ሰገራው ጥቁር ከሆነስ? ጥቁርም ይቆጠራል?»

«ከመቼ ጀምሮ?» አልሁ።

«ከፋሲካ ወዲህ።»

ነገ ጧት በመጀመሪያው መኪና ትመጣለች። ፔንሲዮኑን ሦስተኛ ክፍል ጠይቄአለሁ። ለጋሼ ሲነቁ ምን ብዬ እንደምነግራቸው አላውቅም፤ ግን እነግራቸዋለሁ።