ዳማከሴ ያልታዘዘላቸው ዶሮዎች

ይድረስ ለውድ እናቴ ለወይዘሮ ሰርክአዲስ፣ ደብረ ሲና።

እማዬ፣ እንዴት ነሽልኝ? ጉልበትሽን እንዴት አደረገሽ? የደብረ ሲና ጉም ዘንድሮም ያስቸግርሽ ይሆን? አባባስ ሳሉ ለቀቃቸው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ጤናዬ ደህና ነው፤ ንዴቱ ነው እንጂ ያስቸገረኝ። በስልክ ከሆነ ክፉ ቃል ያመልጠኛል ብዬ ጻፍኩልሽ።

ስትመጪ ያየሻቸው ስልሳ ዶሮዎች ትዝ ይሉሻል። ምች ሲመታን ጨምቀሽ የምታጠጪን ዳማከሴ ለዶሮም ይበጅ እንደሆነ ለማወቅ ነበር ልፋቴ። ሁሉንም የፈንግል ክትባት ሰጠሁና ለሠላሳዎቹ የዳማከሴ ጭማቂ በውሃ፣ እግራቸው ላይ ቀይ ክር ላሰርኩላቸው ለሠላሳዎቹ ደግሞ ባዶ ውሃ አደረግሁ። በኋላ ደማቸው ሲመረመር የየትኛው ወገን ሰውነት በሽታን ይበልጥ እንደሚከላከል ይለያል። መመረቂያ ጽሑፌ ይኸው ነበር።

ባለፈው ሳምንት ውጤቱ መጣ፤ ሁለቱም ወገን እኩል ሆነ። አስተማሪዬ ዶክተር ነገሪ ቅጠሉ ምንም አልፈየደም አሉኝ። ሁለት ቀን እህል አልቀመስኩም። በሦስተኛው ቀን ዶሮዎቹን የምትጠብቀው ዘርፉ እየፈራች ጠራችኝ። ለፋሲካ መጥተሽ ሁለት ሳምንት ስትቀመጪ፣ እኔ ክፍል በገባሁ ቁጥር ለባለ ቀይ ክሮቹም ዳማከሴውን ታጠጪያቸው ነበር አለች። ብትከለክልሽ፣ ባንድ ቤት እየተያዩ ላንዱ መድኃኒት ሰጥቶ ሌላውን መንፈግ ግፍ ነው ብለሽ ተቆጥተሻታል።

እማዬ፣ አልዋሽሽም፣ ተናድጄብሻለሁ። ቀይ ክር ያለባቸውን እንዳትነኪ ለምኜሽ እሺ ብለሽኝ ነበር። ከየካቲት ጀምሮ በአዳማ ሙቀት ኩስ ስጠርግ የከረምኩበትን ልፋት ውሃ በላው። አሁን ዳማከሴው ይሥራ አይሥራ እኔም አላውቅ፣ አንቺም አታውቂ። መናኸሪያ ስሸኝሽ አንዱም ሳይታመም ትቼልሻለሁ ብለሽ ስትስሚኝ ደግሞ፣ እኔ ሞኟ አመሰገንኩሽ። ለነገሩ እኛንስ መቼ የታመመውን ለይተሽ አጠጥተሽ ታውቂያለሽ፤ አንዱ ካሳለ ለስድስታችንም ነበር የምትጨምቂው። ይህን እያወቅሁ እዚያ ቤት ያስገባሁሽ እኔው ነኝ።

ሁሉም ጠጥተዋል ብዬ ለዶክተር ነገሪ ነገርኳቸው። ማን አጠጣቸው ሲሉ አጠገቤ የቆመችው ዘርፉ አቀረቀረች፤ እንግዳ አስገባች ከተባለ እንጀራዋን ታጣለች። እኔ ነኝ፣ ተሳስቼ ነው አልኳቸው። እንዲህ ዝርክርክ መሆንሽን አላውቅም ነበር ብለው ወረቀቴን መለሱልኝ። ሐምሌ ላይ ጫጩት ከቢሾፍቱ አስመጥቼ እንደገና ከሀ እጀምራለሁ። ዘንድሮ አልመረቅም እማዬ። ለድግሱ የወቀጥሽውን ጌሾ አስቀምጪው። ይህን መጻፍ ከብዶኛል፣ ግን እስክጨርስ ድረስ እባክሽ አትምጪብኝ።

የአባባን ጉልበት ሳሚልኝ። ወንድሜ መሳይ ይህን ሲያነብልሽ ቁጣዬን እንዳይዘል፣ ደግሞም እንዳያከርረው። እትዬ ሸዋወርቅ ለላከችልኝ ቆሎ እግዜር ይስጥልኝ በያት። ምረቃው ለምን ቀረ ለሚሉሽ ጎረቤቶች ሁሉ፣ ልጄ አጥፍታ ነው በያቸው።

ልጅሽ ሰብለወንጌል
አዳማ፣ ሰኔ 4 ቀን 2017 ዓ.ም.