ከመለኪያው የቀረው የሲግብሪት እጅ

ወይዘሮ ሲግብሪት ሉንድማርክ ከአባታቸው ከአቶ ሄልመር ሉንድማርክና ከእናታቸው ከወይዘሮ አይና ቬስቲን በሰሜን ስዊድን፣ በቡርትረስክ መንደር እ.ኤ.አ. በ1961 ተወለዱ። በልጅነታቸው የትምህርት ቤቱን ደረጃ መውጣት ሲያቅታቸው በዘር የሚተላለፍ የጡንቻ መድከም በሽታ እንዳለባቸው ታወቀ።

ትምህርታቸውን አጠናቀው በ1983 በአካባቢው ጋዜጣ አራሚ ሆነው ተቀጠሩ። የተሽሞነሞነ ቃል ያንገሸግሻቸው ስለነበር ከብዕራቸው ያመለጠ ጥቂት ነው። በ1987 የበረዶ ጠራጊ መኪና ሹፌር ከነበሩት ከአቶ አሳር ጋር ጋብቻ ፈጸሙ። ልጅ አልወለዱም፤ ያው በሽታ የያዛትን የወንድማቸውን ልጅ ቱራን ግን እንደ ልጃቸው አሳደጉ።

ለበሽታው አዲስ መድኃኒት ሲመጣ እሳቸውም ቱራም ጀመሩት። መድኃኒቱ መሥራቱን ለማወቅ በየጊዜው ሆስፒታል እየተጠሩ የእግራቸው አቅም ይለካል፤ ይነሱ፣ ይቁሙ፣ ይራመዱ ይባላሉ። ወድቀው ሲነሱ ባለሙያዎቹ ያጨበጭባሉ። ወይዘሮ ሲግብሪት ይህን ጭብጨባ እስከ መጨረሻው ተጸየፉት።

በ2019 መራመድ ሲያቆሙ መድኃኒቱ ተቋረጠባቸው።

«ከዚህ በታች የምንለካው የለም» አላቸው ሐኪሙ።

«እጄስ? ማንኪያ አፌ የሚደርሰው በመድኃኒቱ ነው።»

«እጅ በመለኪያችን ውስጥ የለም፣ ወይዘሮ ሲግብሪት።»

«እንግዲያው የምትለኩት የሚመቻችሁን ነው።»

የቱራም እግር እየከዳት ነበርና ዝም አላሉም። ታካሚዎችን አስተባብረው ጉዳዩን መድኃኒቱ ለማን እንደሚሰጥ እንዲወስን በኡሜዮ ከተማ ለተሰየመው ኮሚቴ አቀረቡ። ኮሚቴው ጉዳዩን በሰማበት ዕለት ብሉቤሪ ከሚባል ጠቆር ያለ የጫካ ፍሬ የተሠራ አንድ ሳህን ሾርባ አስመጡ። ማንኪያውን አነሱ፤ እጃቸው መንገድ ላይ ቀረ፤ ሾርባው ነጭ ሸሚዛቸው ላይ ፈሰሰ። አቶ አሳር ሊጠርጉላቸው ሲነሱ «ተወው፣ ይዩት» አሏቸው። ከዚያም ወደ ኮሚቴው ዞረው፣ «መድኃኒቱን ስትነጥቁኝ ማንኪያው አፌ ይደርስ ነበር። በሉ አሁን ለኩት» አሉ።

በ2022 የክንድ አቅም በመለኪያው ተካተተ። ቱራ መራመድ ብታቆምም መድኃኒቷ አልተቋረጠባትም። ለወይዘሮ ሲግብሪትም ተመለሰላቸው፤ የሄደው የእጃቸው አቅም ግን አልተመለሰም። ኮሚቴው ምስጋናና አበባ ሲልክላቸው አቶ አሳርን «ለጎረቤት ፍየሎች ስጥልኝ» አሏቸው።

ወይዘሮ ሲግብሪት በሳንባ ምች ታመው፣ በቤታቸው ሲታከሙ ቆይተው የካቲት 2024 ዓረፉ። ባለቤታቸውን አቶ አሳርን፣ ወንድማቸውን አቶ ቱርቫልድን፣ እንዲሁም ይህን የሕይወት ታሪክ በገዛ እጇ የጻፈችውን ቱራን ትተው ሄደዋል።

እግዚአብሔር ነፍሳቸውን «ይነሱ፣ ይቁሙ» የሚል በሌለበት ያሳርፍልን።