ወይዘሮ ፀዳል ታምሩ እና ሠላሳ ስድስቱ ፍላጻዎች
(1948–2009 ዓ.ም.)

ወይዘሮ ፀዳል ታምሩ ከአባታቸው ከአቶ ታምሩ ወልደየስ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ እልፍነሽ ደምሴ በድሬዳዋ ከተማ ለገሀሬ ሰፈር ሚያዝያ 11 ቀን 1948 ዓ.ም. ተወለዱ። አባታቸው የምድር ባቡር ሠራተኛ ስለነበሩ ልጆቻቸውን የሚጠሩት በፊሽካ ነበር። ወይዘሮ ፀዳልም ፊሽካ መውደድን ከእርሳቸው ሳይወርሱ አልቀሩም።

ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ እዚያው ድሬዳዋ እስከ ስምንተኛ ክፍል ተምረዋል፤ ፈረንሳይኛም አቀላጥፈው ይናገሩ ነበር። በ1957 ዓ.ም.፣ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳሉ፣ ከተሰበረ ጃንጥላ ሽቦ በተሠራ ፍላጻ ሲጫወቱ የስድስት ዓመቱ ታናሽ ወንድማቸው ጀንበሬ ግራ ዐይኑን አጣ። የወጋው የእርሳቸው ፍላጻ ነበር። ወላጆቻቸው አልመቷቸውም፣ አልተቆጧቸውምም፤ ዝም አሉ። ከዱላው ዝምታው እንደባሰባቸው ኋላ ለልጃቸው ተናግረዋል። በቤታችን ስለዚያች ቀን ዳግም አልተነሣም።

በ1973 ዓ.ም. በባቡር ጅቡቲ ገብተው በፈረንሳዮች ቤት ተቀጠሩ። በ1977 ዓ.ም. የካሚዮን ሹፌር የነበሩትን አቶ መሳፍንት ገብሬን አግብተው ካርቲየ 5 በተባለው የጅቡቲ ሰፈር ጎጆ ወጡ፤ አንዲት ልጅ መነንንም ወለዱ። አቶ መሳፍንት ከሳምንቱ አምስቱን ቀን መንገድ ላይ ስለሚሆኑ ትዳሩ ሳይሰለች ኖሯል ይባላል። ይህን የሚሉት ራሳቸው አቶ መሳፍንት ናቸው።

የመጨረሻው ፈረንሳዊ አሠሪያቸው እዚያው ለሚኖሩ የፈረንሳዮች ልጆች ቀስት ውርወራ ያስተምሩ ነበር። በ1990 ዓ.ም. ዕቃቸውን ጠቅልለው ሲሄዱ ወይዘሮ ፀዳል ስድስቱን ደጋንና ሠላሳ ስድስቱን ፍላጻ ለምነው ወሰዱ። ሰው ሁሉ ሊሸጧቸው መሰለው። እርሳቸው ግን የፈለጉት ልጅ እጅ እንዳይገቡ ለመሰወር ነበር፤ ስምንት ወር ሙሉ አልጋ ሥር ደበቋቸው። አንድ ቀን ከገበያ ሲመለሱ የሰፈር ልጆች የጃንጥላ ሽቦ በድንጋይ ሲያሾሉ አገኙ። ሽቦውን ቀሟቸው። ልጆቹ በማግስቱ ሌላ ሽቦ ይዘው ብቅ አሉ። «ልጅ ከጨዋታ አይከለከልም፤ እንግዲያው ሥርዓቱን ይወቅ» አሉና አልጋ ሥር ያለውን አወጡ።

ከ1991 ዓ.ም. ጀምሮ ዘወትር ዓርብ ጠዋት፣ ፀሐይ ሳትበረታ፣ በአንድ ትምህርት ቤት ጓሮ ለኢትዮጵያዊውም ለሶማሌውም ለአፋሩም ልጅ በነፃ አስተማሩ። መሬት ላይ ገመድ ይዘረጋሉ። ፊሽካ ሳይነፉ ፍላጻ የሚነካ የለም፤ ሁሉም ደጋኑን መሬት ሳያስቀምጥ ከገመዱ የሚያልፍ የለም፤ የሚታለፈውም በእርምጃ እንጂ በሩጫ አይደለም። ነፋስ ከተነሣ ጨዋታው ያበቃል። ገመዱን የጣሰ የማንም ልጅ ይሁን ሦስት ዓርብ ቁጭ ብሎ ያያል፤ መነንም ተቀምጣለች። በመጨረሻ አንድ ልጅ ፍላጻዎቹን ጮክ ብሎ ይቆጥርና ሠላሳ ስድስት ሲደርስ «ሙሉ ነው» ይላል። ይህች ቃል ሳትሰማ ወደ ቤቱ የሚሄድ አልነበረም።

በ1999 ዓ.ም. በግንቦት ወር አንድ ዓርብ ቆጠራው ሠላሳ አምስት ላይ ቆመ። ጓሮው ቢታሰስ፣ ቢፈተሽ የለም። ፍላጻዋ የግንቡን አጥር ዘልላ መንገደኛ መትታ ቢሆንስ ብለው ወይዘሮ ፀዳል ፊታቸው አመድ መሰለ። የአንዱ ልጅ እናት ወይዘሮ ሩቅያ መጥተው «ፀዳል፣ አንዲት ቀንበጥ ናት እኮ፤ ልጆቹን ፀሐይ ጨረሳቸው» ቢሏቸው ልጆቹን አሰናበቱ። እርሳቸው ግን ከግንቡ ጀርባ ያለውን ደጃፍ ሁሉ እያንኳኩ፣ በሶማሊኛም በፈረንሳይኛም «የተጎዳ ሰው አለ?» ሲሉ ዋሉ። እህል አልቀመሱም። በማግስቱ ጨርቅ የታጨቀበትን የዒላማ ጆንያ በመቀስ ቢተረትሩት ፍላጻዋ እስከ ጭራዋ ተውጣ ተገኘች። አሸዋው ላይ ቁጭ ብለው አለቀሱ፣ ወዲያውም ሳቁ፤ ወይዘሮ ሩቅያም አብረዋቸው ተቀመጡ። ያን ዕለት ድሬዳዋ ደውለው ለጀንበሬ ነገሩን ሁሉ አጫወቱት፤ ሲጨርሱም «ሙሉ ነው» አሉት። ድምፃቸውን እንዲያ ቀልሎ ሰምቶት አያውቅም ነበር።

እስከ 2008 ዓ.ም. ድረስ፣ አሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ፣ በእጃቸው ካለፈው ልጅ ሁሉ አንድም አልተጎዳም።

በዚያው ዓመት የኩላሊት ሕመም አልጋ ላይ አዋላቸው። በታኅሣሥ 2009 ዓ.ም. ጀንበሬ ከድሬዳዋ መጥቶ አጠገባቸው ተቀመጠና ሃምሳ ሁለት ዓመት አምቆ የያዘውን አወጣው። ያን ቀን ፀዳል «ሳልጨርስ እንዳትሄድ» ብለውት ሳለ የራሱን ፍላጻ ሊያነሣ ወደ ዒላማው ሮጦ የገባው እርሱ ነበር። ለአባቱ ግን «ፀዳል ወጋችኝ» ብቻ ብሎ ነበር። እርሳቸውም አንድ ቀን እንኳ «ሮጦ ነው» አላሉም።

ወይዘሮ ፀዳል እጁን ይዘው «አውቃለሁ እኮ፣ ጀንበሬ። ልጅ ይሮጣል። ገመድ አልነበረንም እንጂ» አሉት። ይህ ነገር በሕይወት ታሪካቸው ገብቶ በሰው ፊት ይነበብ ዘንድ ቢለምናቸው ፈገግ ብለው «አንተን ከቀለለህ ይነበብ» አሉ። ከዚያች ቀን በኋላ ሁለቱም ደህና እንቅልፍ ተኝተዋል።

ወይዘሮ ፀዳል ታምሩ በሕክምና ሲረዱ ቆይተው በተወለዱ በ60 ዓመታቸው ጥር 12 ቀን 2009 ዓ.ም. ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ። ባለቤታቸው አቶ መሳፍንት፣ ልጃቸው መነን፣ ወንድማቸው ጀንበሬ፣ እንዲሁም ዛሬ ሁለት ዐይኖቻቸውን ይዘው እዚህ የቆሙ የዓርብ ልጆቻቸው ሁሉ ከኋላቸው ቀርተዋል። ገመዱን ሳይሮጡ በእርምጃ የተሻገሩትን እህታችንን እግዚአብሔር በዕረፍት ቦታ ይቀበላቸው፤ ለቀረነውም መጽናናትን ይስጠን።

ይህን የጻፈው ጀንበሬ ነው። አባታችንና እናታችን ባሉበት ይስሙት፤ ፀዳል ጥፋት የለባቸውም።