ከአንድ ቤት ሁለት አመልካቾች

ማክሰኞ፣ ኅዳር 17 ቀን፣ ከሰዓት በኋላ። ጠዋት ሲያካፋ አርፍዶ አሁን ደመናው ብቻ ቀርቷል። ነፋስ የለም። ቤት ውስጥ ያለነው እኔና ልጅሽ ነን። እሷ የላክሽላትን ነጭ ሸሚዝ ትተኩሳለች፤ እኔ መስኮቱ ሥር ተቀምጬ እጽፍልሻለሁ።

ይድረስ ለምወድሽ ታላቅ እህቴ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽስ እንዴት ነው? ደረጃ መውጣት ከለከለኝ ብለሽኝ ነበር። ሐኪሙ ያዘዘልሽን ክኒን ምግብ ሳትቀምሺ እንዳትውጪው አደራ። ነርሷን እኔ መምከሬ ያስቅሽ ይሆናል፤ ግን አንቺ ስትታመሚ ነርስነትሽን እንደምትረሺው አውቃለሁ። ባለቤትሽስ፣ ሳሉ ለቀቃቸው? እኛ ደህና ነን። ልጅሽም ደህና ናት፤ ከነገው የሥራ ፈተና ፍርሃት በቀር ምንም የላትም፤ እሱንም ከእኔ በቀር ለማንም አታሳይም።

እትዬ፣ እሁድ ዕለት በስልክ ያልሽኝን ሁሉ ሰምቻለሁ። «እሺ፣ እሺ» ብዬ ዘጋሁት። አንቺም የተስማማሁ መስሎሽ «እግዜር ይስጥሽ» አልሽኝ። በስልክ እሺ ማለት ልማዴ ነው፤ በተለይ አንቺ ስታለቅሺ። ለዚህ ነው የምጽፍልሽ፤ ወረቀት ላይ እንባሽን አላይም። እሺ ያልኩሽ እንድታርፊ ብዬ ነው እንጂ ማመልከቻዬን አላነሳሁም። አላነሳምም።

ነገሩን ከሥሩ ልንገርሽ፤ ግማሹን ከልጅሽ፣ ግማሹን ከወሬኛ ሰምተሻልና።

የምሠራበት ዩኒቨርሲቲ የፊዚክስ ላቦራቶሪ ቴክኒሺያን፣ እኒያ ሁልጊዜ የምነግርሽ ጋሼ፣ ጡረታ ወጡ። በማግስቱ የትምህርት ክፍሉ ሰሌዳ ላይ ሁለት ማስታወቂያ ተለጠፈ። አንዱ የእሳቸው ቦታ ነው። ሌላው የምርምር ረዳት ይፈልጋል፤ ከመምህራኑ ጋር እየሠራ እግረ መንገዱን ሁለተኛ ዲግሪውን የሚማር። የልጅሽ ዓይን ያለው እዚያኛው ላይ ነው። ነገር ግን የአንድ ዓመት የላቦራቶሪ ልምድ ይጠይቃል፤ የእሷ ዲግሪ ደግሞ ገና ቀለሙ አልደረቀም። ስለዚህ አስቀድሜ ቴክኒሺያን ልሁን፣ የምርምሩ ማስታወቂያ በሚቀጥለው ዓመት ሲወጣ እደርስበታለሁ ብላ አመለከተች። ብልህ ሐሳብ ነው። በእሷ ቦታ ብሆን እኔም ያንኑ አደርግ ነበር።

እኔ ያመለከትኩት ግን ከእሷ በፊት ነው። ይህን የነገረሽ ሰው ያለ አልመሰለኝም። ማስታወቂያው «ዲፕሎማ ወይም ተመጣጣኝ የሥራ ልምድ» ይላል። «ወይም» የምትለው ላይ ስደርስ እግሬ አልነቃነቅ አለኝ። የንብረት ክፍሉ ሠራተኛ በዚያ ሲያልፍ «ምነው፣ የጠፋ ሰው ፎቶ ነው እንዴ የምታይው?» አለኝ። ላመለክት ነው ስለው እየሳቀ «ከነመጥረጊያሽ?» አለ። መጥረጊያው የአንተ ክፍል ንብረት ነው፣ አስፈርመህ ትረከበኛለህ አልኩት። ከዚያ ወዲህ ባየኝ ቁጥር «ኢንጂነር!» ይለኛል። ይበል።

የተቀጠርኩት ወለል ልጠርግ እንደነበር ታውቂያለሽ። የጋሼ ዓይን እየደከመ ሲመጣ ግን ብሎን አጥብቂልኝ፣ ሽቦ ለዪልኝ እያሉ አስጠጉኝ፤ ኋላ ኋላ የተማሪዎቹን ጠረጴዛ የማዘጋጀው እኔ ሆንኩ። ከቅርጫት የማነሳቸውን ወረቀቶች ደህና ደህናውን እየለየሁ አነብ ነበር። ታዲያ አንዳንዱን ሕግ ግማሹን ብቻ ነው የማውቀው፤ ሁለተኛውን ገጽ የሚጥልልኝ አላገኘሁማ! የጎደለውን የሞላችልኝ ልጅሽ ናት። ከእራት በኋላ እሷ ነገሩ ለምን እንደሚሆን ታስረዳኛለች፤ እኔ ደግሞ በእጅ እንዴት እንደሚያዝ አሳያታለሁ። ይህንን ቦታ እንችላለን ብለን ብናመለክት ሁለታችንም አልዋሸንም።

«ልጅ የለሽ፣ ለማን ብለሽ ነው?» አልሽኝ። ለራሴ ብዬ ነው፣ እትዬ። እንዲህ ብዬ ስጽፈው እኔንም ግር ይለኛል፤ ግን ሌላ መልስ ፈልጌ አጣሁ። «ከልጄ አፍ ልትነጥቂ» ያልሽኝንም እናት ስለሆንሽ አልቀየምኩትም። ዋሸሁ፤ ትንሽ ተቀይሜያለሁ። ይወጣልኛል።

ያልወጣልኝ ሌላው ነው። «እሷ አንድ ዓመት ሠርታ ወደ ምርምሩ ስታልፍ ቦታውን ትለቅልሻለች፤ አንቺ መታገስ ታውቂያለሽ፣ ተራሽ ይደርሳል» አልሽኝ። መታገስስ አውቃለሁ። አንቺ ነርስ ትምህርት ቤት በገባሽበት ዓመት እኔ ሰባተኛ ክፍልን ጨርሼ ነበር። አባታችን በዚያ ሰሞን ሁለታችንን ፊቱ አስቀምጦ ይህንኑ «ተራሽ ይደርሳል» እንዳለኝ አንቺም ሰምተሻል። እውነት ነበር የመሰለው፤ ነፍሱን ይማረው። ስምንተኛ ክፍል ምን እንደሚማሩ ያወቅኩት ልጅሽ መጽሐፎቿን ተሸክማ እኔ ዘንድ ልትኖር የመጣች ዓመት ነው። ይህን የምልሽ ላሳዝንሽ አይደለም። በእጅሽ ስንት ሰው እንደዳነ አውቃለሁ፤ እህቴ ናት እያልኩ ስንቱ ላይ ኮርቻለሁ። ግን አንድ ጊዜ ይበቃል።

ደግሞ ተራው አይደርስም። የትምህርት ክፍሉ ጸሐፊ እንደነገረችኝ ከሚቀጥለው ዓመት ጀምሮ ያቺ «ወይም» ከማስታወቂያው ትወጣለች፤ ዲፕሎማ የሌለው ሰው ማመልከቻ እንኳ አይቀበሉም። ልጅሽ ነገ ባይቀናት ትከፋለች፣ ታለቅሳለች፣ ከዚያ ሌላ በር ታንኳኳለች። በእጇ ዲግሪ አለ፤ አንድ ዓመት ትዘገይ ይሆናል እንጂ አትቀርም። እኔ ያለኝ በር ይኸው ነው።

እሁድ ስልኩን ስዘጋው ልጅሽ ከጓዳ ሆና ሰምታን ኖሯል። ወጥታ ፊቴ ቆመችና «አክስቴ፣ ተይላት አለችሽ አይደል?» አለችኝ። «ስሚኝ፤ ብታሸንፊኝ አኮርፍሻለሁ። ብትተዪልኝ ግን አላናግርሽም» አለች። ልዩነቱ ምንድን ነው ብላት «ኩርፊያ ቢበዛ ለሳምንት ነው» አለችኝ። ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ፤ እሷ ግን አልሳቀችም። «ሰው ለቆልኝ የገባሁበት ሥራ ላይ ቆሜ እንዴት ችዬ ነው ያገኘሁት እላለሁ?» አለች። ይህች ልጅ የማንን አፍ እንደወረሰች እኔም አንቺም እናውቃለን።

ስለዚህ አንድ ነገር ልለምንሽ። ለትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ደውዬ አስረዳዋለሁ ያልሽውን ተዪው። ብትደውዪ የምታሳፍሪው እኔን ሳይሆን እሷን ነው። ደግሞ ነገ ከሁለታችን ማናችን ብንገባ፣ ወይም ሁለታችንንም ትተው ሌላ ሰው ቢወስዱ፣ እሁድ እንደ ልማድሽ ደውዪ። ስልኩን የማነሳው እኔ ነኝ።

እሷ ሸሚዟን ጨርሳ አሁን የእኔን ጋዋን ይዛለች። ተይው ብላት «የተጨማደደ ነገር ለብሰሽ ብትሸነፊ ሰበብ ታደርጊዋለሽ» ትላለች። እንግዲህ ዛሬ በጊዜ እተኛለሁ፤ ነገ ዓይኔ ጥርት እንዲል።

ጉልበትሽን ያጽናልሽ። ባለቤትሽን ከሳላቸው ይገላግላቸው። ልጅሽን ካሰበችበት ያድርስልን፤ እኔንም።

ሁልጊዜም የምትወድሽ
ታናሽ እህትሽ

ረቡዕ።

ፖስታው ሳይታሸግ አድሯል። የዛሬን ጠዋት ነገር ከሌላ ሰው ከምትሰሚ ያደረግኩትን ራሴው ልጻፍልሽ።

ማልጄ ተነሳሁ። ፀጉሬን ተጎነጎንኩ። ደመናው ተገፏል፤ ሰማዩ ጥርት ብሏል። ከልጅሽ ጋር አብረን ወጣን። መንገዱን ሙሉ ስለ ፈተናው አላነሳንም፤ የጎረቤታችን ውሻ ስንት ቡችላ እንደምትወልድ ስንከራከር ደረስን። ኮሪደሩ ላይ ዕጣ አወጡልን። የመጀመሪያው ተራ ለእኔ፣ ቀጣዩ ለልጅሽ ደረሰ። የንብረት ክፍሉ ሠራተኛ ቁልፍ ይዞ ሲያልፍ «ኢንጂነር፣ ይቅናሽ» አለኝ። የዛሬው ሳቅ አልነበረበትም።

የፈተነን ስለ ብርሃን የሚያስተምረው መምህር ነው። ክፍሉ ጨለም ብሏል። ጠረጴዛው ላይ ሌዘር አለ፤ ሁለት ትንንሽ መስተዋቶች፣ ደግሞ መሐላቸው ላይ የመርፌ ቀዳዳ የምታህል ክፍተት ያላቸው ሁለት ብረቶች። ሥራው መስተዋቶቹን ከጀርባቸው ባለው ብሎን እያዞሩ ቀይዋን ጨረር በሁለቱም ቀዳዳ አሳልፎ ግድግዳው ላይ ማሳረፍ ነው። አንዱን ቀዳዳ ስታገኚ ሌላው ይስትሻል፤ እሱን ስታቃኚ የመጀመሪያው ይዛነፋል። እየተመላለስሽ ስትነካኪው ስህተቱ እያነሰ፣ እያነሰ ይመጣል። ችኩል ሰው የሚራገምበት ሥራ ነው።

ብሎኑን አለመጠን አዞርኩትና ጨረሯ ከብረቱ ወጥታ ጎንበስ ብሎ የሚያየኝ መምህር ከረባት ላይ ዐረፈች። «ዒላማው እኔ አይደለሁም» አለኝ። ይቅርታ ጠየቅኩት፤ መዳፌን ጋዋኔ ላይ ጠርጌ እንደገና ከመጀመሪያው መስተዋት ጀመርኩ። ሰዓቱ ሊያልቅ ሲል ግድግዳው ላይ ቀይ ነጥብ ወጣች። ፍጹም ክብ አይደለችም፤ በአንድ ወገን ትንሽ ተቆርሳለች። መምህሩ ለካት፣ ጻፈ። ፊቱ ላይ የሚነበብ ነገር አልነበረም።

«ለሚቀጥለው ሰው አዛንፊው» አለኝ። «የየመስተዋቱን ብሎን ሁለት ሁለት ሙሉ ዙር። ለሁላችሁም እኩል ነው።» ይህን ብሎ ውጤቱን ሊሞላ ወደ ሌላው ጠረጴዛ ዞረ፤ ጀርባውን ሰጠኝ።

ጥቂት ብቻ የተዛነፈ ለሚቀጥለው ሰው ይቀላል፤ ብሎን ግማሽ ዙር ይዙር ሁለት ዙር፣ አይቶ የሚያውቅ ሰው የለም። በበሩ መስኮት በኩል ነጭ የሸሚዝ እጅጌ ይታየኛል፤ ልጅሽ ግድግዳውን ተደግፋለች።

የመጀመሪያውን ሁለት ሙሉ ዙር አዞርኩት። ሁለተኛውንም ሁለት ሙሉ ዙር። ነጥቧ ከግድግዳው ላይ ጠፋች። በሩን ከፍቼ «ግቢ» አልኳት። ኮሌታዋ ላይ ክር ነበር፤ አነሳሁላት። ገባች። በሩን ቀስ ብዬ ዘጋሁላት።