ሀገር ሳይሰጠኝ መልሱን አልናገርም

ሰኞ

ዛሬም ጠየቅሁና ራሴው መለስሁ። የፍየሏን ሥዕል አንስቼ "ይቺ ምንድን ናት?" አልሁ፤ ልጆቹ አፋቸውን ሳይከፍቱ "ፍየል ናት፣ ጢሟን አያችሁ?" ብዬ ቁጭ። የዜሮ ክፍሉ መምህርት ሰናይት ከጥግ ሆና ታየኛለች። በዕድሜ ልጄ ብትሆን ነው፣ ግን አስተማሪዋ እሷ፣ ረዳቷ እኔ ነኝ። ልጆቹ ሲወጡ "እትዬ ዘይነባ፣ ተማሪዋ አንቺ ነሽ ወይስ እነሱ?" አለችኝ።

ስቄ አለፍሁት። ግን ነገሩ የሳቅ አይደለም። ሐሙስ ሳስተምር የሚያየኝ ገምጋሚ ከወረዳ ይመጣል። እሱ "ትችላለች" ካለ በክረምት ለመምህርነት ሥልጠና እገባለሁ። ካላለ አሁንም አንድ ዓመት ረዳት። አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ፣ አራት ልጅ አሳድጌ ነው እዚህ የደረስሁ። ረዳትነቱንም ቢሆን ወድጄዋለሁ፤ አፍንጫ መጥረግ፣ እርሳስ መቅረጽ፣ የተጣሉትን ማስታረቅ። ሰሌዳው ፊት ስቆም ግን ደስታዬ ሌላ ነው።

ማክሰኞ

ሰናይት መላ አመጣች፤ ስትጠይቂ አፍሽን በእጅሽ ያዢ። ያዝሁ። ልጆቹ ጥርሴን ያመመኝ መስሏቸው አዘኑልኝ። አንዷማ "ቲቸር፣ በጨው ውሃ ተጉመጥመጪ" አለችኝ። ሳቄ መጣና እጄን አነሳሁ፤ መልሱም አብሮ ወጣ።

ባለቤቴ ሰይድ ባጃጅ ነጂ ነው። ስነግረው "አንቺን ዝም የሚያሰኝ ኮሌጅ ከተገኘማ በባጃጄ እኔው አደርስሻለሁ" አለ።

እሱ ይቀልድ። እኔን የከነከነኝ የሙና ነገር ነው። ከሮቢት የምትመጣ ልጅ ናት፤ ክፍል ውስጥ ድምጿን ሰምቼው አላውቅም። ዓይናፋር ናት እል ነበር። ሰናይት ግን "ልትናገር ስትል እኮ ነው የምትቀድሚያት" አለችኝ።

ረቡዕ

ለካ መላው እቤቴ ነው። ትናንት ሲመሽ ልጆቼ እንቆቅልሽ ሲጫወቱ ሰማሁ። እንቆቅልሽ የጠየቀ ሰው ሀገር ካልተሰጠው መልሱን አይናገርም። ይህን ሕግ እኔ ወሬኛዋም ብሆን አፍርሼው አላውቅም።

ዛሬ ክፍል ገብቼ "እንቆቅልሽ" አልሁ። "ምን አውቅልሽ" አሉ በአንድ ድምፅ። ሲያቅታቸው "ሀገር ስጡኝ" አልሁ። ዋጃን ሰጡኝ፣ ጎብዬን ሰጡኝ። ቆቦን ስል አንዱ "ቆቦንማ አንሰጥሽም፣ እናቴ አለችበት" አለ። ሮቢትን ሲሰጡኝ ሙና ራሷን ነቀነቀች። አልተናገረችም፤ ግን እንቢ አለች።

ሐሙስ

ገምጋሚው ኮት የለበሰ ዝምተኛ ሰው ነው። ከኋላ፣ ከልጆቹ ወንበር ላይ ጉልበቱን አጥፎ ተቀመጠ።

"አንድ እግር አላት፣ ራሷ ከብዷት ታጎነብሳለች፣ ጠላቷ ወፍ ነው" አልሁ።

"ዛፍ" አለ አንዱ። "አይደለም" ብዬ ዝም። ሙና እጇን በግማሽ አወጣች፣ አፏን ከፈተች፣ መልሳ ገጠመችው። ሌሎቹ ሀገር ሊሰጡኝ ተነሡ፤ በእጄ ምልክት ገታኋቸው። ሰውየው እኔን ያያል፣ ትምህርቱ የጠፋብኝ መስሎታል። ምላሴን ነከስሁ።

"ማሽላ" አለች ሙና።

ከዚያ ማን ያስቁማት። አባቷ ማማ ላይ ወጥቶ ወፍ እንደሚጠብቅ፣ ወንጭፉን ለእሷም እንደሚሰጣት፣ ድንጋዩ አንድ ቀን የአጎቷ በሬ ላይ እንዳረፈ። ልጅት ለካ የእኔው ቢጤ ናት።

ገምጋሚው ሲወጣ "መሐል ላይ ዝም አሉ፤ ረሱት እንዴ?" አለኝ።

"ሀገር አልተሰጠኝም ነበር" አልሁት።

ትንሽ ፈገግ ያለ መሰለኝ፣ እርግጠኛ አይደለሁም። አንድ ነገር ጽፎ ሄደ። ውጤቱ በሚመጣው ሳምንት ይነገራል ተባለ። ሙና የበሬውን ወሬ ሳትጨርስ ደወል ስለተደወለ ነገ ልትጨርስልኝ ነው። አላቋርጣትም፣ ኢንሻ አላህ።