የሦስተኛው ስም ነገር

ሰኞ፣ ጥር 18፤ ከጧቱ 2፡00

ዛሬም ሐይቁ ላይ ጉም አለ። የታንኳው ደንገል አልደረቀም፣ ጤዛ መትቶታል። ጉልበቴ ታንኳ ማሰር እምቢ ብሏል። ተቀምጫለሁ።

ሕፃኗ ስታለቅስ አደረች። የልጄ የሙሉቀን ልጅ ናት፣ የመጀመሪያዋ። እስካሁን ስም የላትም። «ሕፃኗ» ይሏታል፣ ለአንድ ሌሊት መጥታ ያደረች የሰው ልጅ ይመስል። ሚስቱ ሄለን ስልኳን ይዛ ስም ትፈልጋለች። እኛ ስም የምንፈልገው ከደረሰብን ነገር ውስጥ ነበር። ልጅ የሞተበት ምትኩ ይላል፣ ጠላቱን የረታ አሸናፊ ይላል። ስም መልስ ነው።

እኔ ካሰች ትባል አልሁ። ባለቤቴ አምና ሞተች፣ ይች መጣች፣ ካሰች። ሄለን ፈገግ አለች። የአዋሳ ልጅ ናት፣ ባንክ ቤት ትሠራለች፤ ፈገግታዋ ለደንበኛ የሚሰጠው ነው። ሙሉቀን እናስብበታለን አለኝ። የመ/ቤት ሰው እምቢ ሲል እንዲህ ነው የሚለው።

ሐሙስ፣ ጥር 21፤ ከቤ/ክ መልስ

ማርያምን አንግሼ ተመለስሁ። ስም ተገኝቷል። አንድ አይደለም፣ ሁለት። ናያራ ብሌን።

ብሌንስ ይሁን። የዓይን ብሌን ነው፣ ዳዊት የሚደግም ያውቀዋል። ናያራ የየት አገር ስም ነው ብየ ጠየቅሁ። ሄለን ስልክ ላይ ነው ያገኘሁት አለች። ስልክም አገር ሆነ። ሁለቱን አጣምሮ የያዘ ሰው በባሕር ዳር የለም፣ እኛ ብቻ ነን ብላ ደስ አላት።

አንድ ሰው ሁለት ስም ምን ያደርግለታል? ሙሉቀን በውጭ አገር የመካከል ስም የሚባል አለ አለኝ። እኛ ዘንድ መካከል ላይ ያለው አባት ነው! ራሱ ነው። ከሱ ቀጥሎ እኔ። ናያራ፣ ብሌን፣ ሙሉቀን ካላችሁ ሦስቱም ቦታ ሞላ፤ እኔ የት ልግባ አልሁ። ሁሉም ሕፃኗን ያዩ ጀመር።

የኔነሽ እስክርቢቶዋን አቆመች። ይኸን የምትጽፍልኝ ልጄ ናት፣ የሙሉቀን ታናሽ። ወንድሟን አሳጣሁባት መሰለኝ። ጻፊ። እናትሽ ብትኖር ማታ ማታ ለሷ ነበር የማወራው። አሁን አንተ ደብተር ስማ። አትመልስልኝም። እሷም ብዙ አትመልስም ነበር።

ሰኞ፣ ጥር 25

ገባኝ። ቦታ ጠቦ አይደለም። ስሜን ነው የጠሉት።

ጉድፌ እባላለሁ። ሄለን ለባሏ ስትነግረው የኔነሽ ሰምታለች፤ ለልጄ አበባ መርጬ ጫፉ ላይ ጥራጊ አልሰቅልባትም አለች አሉ። እሱ ዝም አለ። ዝም ማለቱ ነው የቆረጠኝ።

ደብተር፣ አንተ እንኳ እወቀው። እናቴ ከእኔ በፊት ሦስት ወንድ ቀብራለች። ሁሉም የከበረ ስም ነበራቸው። እኔ ስወለድ ቤቱን ጠርጋ ጥራጊው ላይ አስተኛችኝ። ጎረቤት መጣችና፣ ይኸ ጉድፍ የማን ነው ብላ አነሣችኝ። ጉድፌ ተባልሁ። ሞት ወርቅ ሊለቅም ነው የሚመጣ፣ ጉድፍ አያነሣም። ይኸው ሰማንያ አለፈኝ። ጉድፌ ባልባል ሙሉቀን የለም፣ ናያራዋም የለች።

ሙሉቀን ጉድፌ ተብሎ ነው ዲግሪ የተቀበለ። ያኔ አልከበደውም።

ምሳ አልበላሁም። አልራበኝም ብያለሁ። ርቦኛል።

ማክሰኞ፣ ጥር 26፤ 9፡00

ዛሬ ሳቅሁ!

ሙሉቀን በጧት ቀበሌ ሄዶ የልጅቱን የልደት ወረቀት አወጣ። ስሟን በብጣሽ ወረቀት ጽፎ ሰጣቸው። ከመ/ቤት እየደወሉ ስላጣደፉት የሰጡትን ሳያነብ አጥፎ ኪሱ ከተተው። ቤት ሲደርስ የኔነሽ አነበበችው። እንደገና አንብቢ አልኋት። ስም፦ ናያራ። የአባት ስም፦ ብሌን። የአያት ስም፦ ሙሉቀን።

ጸሐፊው ምን ያድርግ? ለሱ ሁለተኛው አባት ነው፣ ሦስተኛው አያት። አገሩ እንዲህ ነው። ልጄ በአንድ ጧት ተሹሞ አያት ሆነ፤ አባትየዋ ደግሞ ብሌን የምትባል ሴት። እንኳን ለአያትነት አበቃህ፣ አሁን ጋቢ ይገዛልሃል አልሁት። ስቄ ስቄ ሳል ያዘኝ።

ሄለን ልጇን ታቅፋ ጓዳ ገባች። ስታለቅስ ሰማሁ። ሳቁ ተወኝ። እኔ ስሜ ጎደለ ብየ ስነጫነጭ፣ ልጅቱ አባት አጣች።

ዓርብ፣ ጥር 29

ፈለጉኝ። ወረቀቱን ለማስተካከል የቤተሰብ ሽማግሌ ቀበሌ ቀርቦ ይመስክር ተብለዋል፤ ማን የማን ልጅ እንደሆነ ተናግሮ የሚፈርም። ከእኔ ሌላ ማን አላቸው።

ሙሉቀን ቀረሶ ዓሣ አስጠብሶ መጣ። መደቡን ትቶ እግሬ ሥር ተቀመጠ። ሰው ሲፈልግህ ያጥራል። ሁለቱን ስም አንድ ላይ አያይዘን እናጽፋለን፣ ከዚያ እኔ፣ ከዚያ እርስዎ አለኝ። ደስ ሊለኝ ሲል ቀጠለ። እርስዎን ግን በክርስትና ስምዎ፣ ገብረ ማርያም ብለን። እሱም ስምዎ ነው አለኝ።

ገብረ ማርያም የነፍሴ ስም ነው፤ ስሞት ቄሱ ይጠራዋል፤ ገና አልሞትሁም አልሁት። ጉድፌ ያላችሁ ዕለት አውራ ጣቴን ይዤ እመጣለሁ፣ እስከዚያ ጣቴም እኔም እዚሁ ነን።

ሄደ። ዓሣውን ድመቷ በላችው። ይብላኝ ለዓሣው።

እሑድ፣ የካቲት 1፤ ከመሸ

ሄለን ራሷ መጣች፣ ልጅቱን ይዛ። ሳልጠራት መምጣቷ የመጀመሪያ ነው።

ጥራጊ ማለቴን ሰምተዋል አለች። አልካደችም። ይኸን ወደድሁላት።

«አባባ፣ እርስዎን ንቄ አይደለም። ት/ቤት ይስቁባታል ብዬ ነው።»

«ይሳቁ» አልኋት። «ሞትም ስቆ ነው እኔን ያለፈኝ።»

የልጅቱን መጠቅለያ አስተካከለች። ከዚያ ነገረችኝ። ከዚች በፊት አንድ ወርዶባታል፣ በአምስት ወሩ። ስም አልነበረውም፣ ለቅሶም አልተቀመጡም። እኔ አላወቅሁም። እዚህ ግቢ ውስጥ ስኖር ማንም አልነገረኝ። ለዚህኛዋ ሁለት ስም ያበዛሁት ለዚያ ነው አለች፤ አንዱ ቢጠፋ አንዱ እንዲቀር።

እናቴ አንድ ስም አዋረደች፣ ይች ሁለት ስም ሰቀለች። ያው ፍርሃት ነው።

ልጅቱን ጭኔ ላይ አስቀመጠችልኝ። ቀላል ናት፣ እንደ ደረቅ ደንገል። ታዲያ ነገ ቀበሌ ብመጣ ምን ብለሽ ታስጽፊያለሽ አልኋት። አልመለሰችም። ምራት የአማቷን ስም አትጠራም ይል ነበር የድሮ ሰው። ይች ግን ለወጉ ብላ አይደለም ዝም ያለችው። ወተት ሰዓቷ ነው ብላ ልጅቱን ወስዳ ገባች።

ደብተር፣ ቆርጫለሁ። ነገ እሄዳለሁ። ልጅ አባት የሌለበት ወረቀት አትይዝም፣ በእኔ እልክ አይሆንም። ጸሐፊው አያት ማን ይባላል ሲለኝ፣ ደጅ የቆመው እንዲሰማ አድርጌ ጉድፌ እላለሁ። ጣቴን ቀለም ነክሬ እጫናለሁ። እነሱ ወረቀቱ ላይ ከጣቴ አሻራ በላይ ምን እንዳስጻፉ አልጠይቅም።

የኔነሽ፣ ወረቀቱ ሲመጣ አንቺም አታንብቢልኝ።