መንገዱ ሰፋ እንጂ አልቀረበም

ለተከበሩ የኢንተርኔት ድርጅቱ የደንበኞች አገልግሎት ኃላፊ፣

ጤናዎ እንደ ማስታወቂያዎ ዘወትር ያማረ ይሁን እያልኩ፣ ስለ ቤታችን መስመር የሚከተለውን በአክብሮት አቀርባለሁ።

አንደኛ፦ ታላቅ እህቴ ከሳሎናችን ጥግ ተቀምጣ በኢንተርኔት ስልክ በሐኪምና በሕመምተኛ መካከል ታስተረጉማለች። ከአፏ የወጣ ቃል ሐኪሙ ጆሮ ለመድረስ አንድ ሰከንድ ተኩል ይፈጅበታል። ይህንን ባመለከትን ቁጥር ፍጥነት ስለጨመሩልን እናመሰግናለን፤ ሦስት ጊዜ ጨምረዋል። መንገዱ ሰፋ እንጂ አልቀረበም። ፊልም በአንድ አፍታ ይወርዳል፤ ቃል ግን እንደዚያው ይዘገያል።

ሁለተኛ፦ የላኩልን ቴክኒሻን ትሁት ሰው ናቸው። ፍጥነቱን ለክተው በቅጹ ላይ «በጣም ጥሩ» ብለው ጻፉ። ስለ መዘግየቱ ስንጠይቃቸው ቅጹን ገልብጠው አሳዩን፤ መሙያ ቦታ የለውም። መሙያ ቦታ የሌለው ነገር ችግር ሊሆን እንደማይችል ከእርስዎ ተምረናል።

ሦስተኛ፦ ጥፋቱን ከራሳችሁ ፈልጉ ስለተባልን ፈለግን። ዋይፋዩን ትተን ኮምፒውተሯን በኬብል አገናኘን። የወንድሜ ስልክ ፎቶ በሚጭንበት ጊዜ የእርሷ ቃል ከኋላ ተሰልፎ ተራ እንደሚጠብቅ ስለደረስንበት፣ በሥራ ሰዓት ከለከልነው። ግማሽ ሰከንድ ቀነሰ። የቀረው አንድ ሰከንድ ከግድግዳችን ውጭ፣ በእርስዎ ግዛት ነው።

ባለፈው ማክሰኞ አንድ ሐኪም ሕመምተኛውን የማይስማማው መድኃኒት እንዳለ ጠየቁት። መልሱ ሲዘገይባቸው የለም ማለቱ ነው ብለው፣ ቁርስ በልቶ እንደሆነ ጠየቁ። የመጀመሪያው ጥያቄ «አዎ» የደረሰው ያኔ ነው። ለቁርሱ ተመዘገበ። ያው የማይስማማው መድኃኒት በመርፌ ተሰጠው። ሰውየው ሁለት ቀን ተኝቶ ዳነ። እህቴ ከሥራዋ ተሰናበተች። አላለቀሰችም፤ የጆሮ ማዳመጫውን ገመድ ጠቅልላ መሳቢያ ውስጥ አስቀመጠችው።

ይህ ምስጋና በራስዎ መስመር የተላከ በመሆኑ ዘግይቶ ቢደርስዎ ይቅርታዎን እየለመንኩ፣ ለሹመትዎ ዕድሜ እየተመኘሁ፣ ከወንበርዎ ፊት ዝቅ ብዬ እጅ የምነሳ፣

የአስተርጓሚዋ ታናሽ ወንድም

ተጨማሪ ማስታወሻ፦ ትናንት ሌላ ቴክኒሻን መጥተው ችግሩ ከመንገዱ ማዕዘን ካለው የመስመር ሳጥናችሁ መሆኑን ደረሱበትና በሩብ ሰዓት አስተካከሉት። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚለውን ተረት ለትሕትና ስል አልጠቅስም። እህቴ ደውላ መስመሩን እንድትሞክረው ጠየቋት። የምትደውልለት ሰው አጣች።